የተዘለለው ምዕራፍ

ሆቴሉ ለሠራተኞቹ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ምሳ ተበልቶ ጠረጴዛው ከተወለወለ በኋላ፣ የሽንኩርቱ ሽታ ገና ሳይለቅ። መምህሩ ቀጭን፣ ከረባቱን እስኪያንቀው የሚያጠብቅ ሰው ነው። ሰሌዳውን ማቀዝቀዣው ላይ ያስደግፋል። ማቀዝቀዣው አሮጌ ስለሆነ በተነሣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ሰሌዳውም አብሮ፣ መምህሩም ሰሌዳውን ደግፎ አብሮ።

የማስተማሪያ ዘዴው አንድ ነው። እሱ እንግዳ ይሆናል፣ እነሱ ሠራተኛ። እንግዳው ይቆጣል፦ ፎጣው ረጥቧል፣ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ጎረቤቱ ሲያንኮራፋ አድሯል። ምንም ይበል ምን መልሱ ያው ነው። «ሶሪ ሰር። ኢት ኢዝ ማይ ሚስቴክ። ኢት ዊል ናት ሃፕን አጌን።» ይቅርታ ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁለተኛ አይደገምም። ዝናብ መታኝ ቢል እንኳ ጥፋቱ የኔ ነው። «መጀመሪያ ይቅርታ! ማሰብ በኋላ!» ይላል መምህሩ ጣቱን እያጮኸ። እንዲህ አስተምርልኝ ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው። እንግዳው ንግግሩን ሳይጨርስ ይቅርታ የሚል ሠራተኛ ይጨበጨብለታል።

ጭብጨባው አብዛኛውን ጊዜ የሚጢጢ ነበር። ሚጢጢ የአራተኛው ፎቅ ክፍል አጽጂ ናት። ስሙን ያወጡላት መጋረጃ ለመስቀል በርጩማ ላይ ወጥታ እጇ አልደርስ ሲላት ያዩት ጓደኞቿ ናቸው፤ እሷም ሳትቀየም ተቀበለችው። ትምህርቷን ያቋረጠችው በልጅነቷ ስለነበር እንግሊዝኛ ከገዛ አፏ ሲወጣ ስትሰማ ደስታው ሌላ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለማመዳለች፤ ሰው የምትጸልይ ይመስለዋል።

መጽሐፉ በየምዕራፉ ነበር የተከፋፈለው። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ምግብ ቤት፣ ሐኪም ቤት። ቀጥሎ ስለ ወንጀልና ሕግ የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ መምህሩ ገጾቹን ባንድ እፍኝ ገለበጣቸውና ወደ አየር ጠባይ ተሻገረ።

«ያኛውስ?» አለች ሚጢጢ።

«እናንተን አይመለከትም ተብሏል» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ።

ማንም ግድ አልሰጠው። ደመና፣ ነፋስ፣ ነጎድጓድ ተማሩ።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው ይኸው የሠለጠነ አፍ ባመጣው ጣጣ ነው። አንድ ጠዋት ሚጢጢ የአንሶላ ጋሪዋን እየገፋች በኮሪደሩ ስታልፍ አንድ እንግዳ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ በሩን በርግዶ ወጣ። ይናገራል፣ ይቸኩላል፣ የግራ እጁን አንጓ እየመታ ያሳያታል። ከሁሉም ውስጥ «ዋች» የምትለውን ብቻ ለቀም አደረገች። ሰዓት ማለት ነው። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አሰበች፤ አፏ ግን አልጠበቃትም። ልክ እንደለመደችው፣ እንግዳው ሳይጨርስ፣ አንገቷን ሰበር ፊቷን ፈገግ አድርጋ «ሶሪ ሰር፣ ኢት ኢዝ ማይ ሚስቴክ» አለችው። «ኢት ዊል ናት ሃፕን አጌን።»

ሰውየው ክው ብሎ ቀረ። ለካ ያላት «ሰዓቴን ወስደሻል» ነው።

እስቲ ፍረዱ። ወስደሻል ስትባል ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብላ ፈገግ ያለች ሴት ከዚህ በኋላ ምን አፍ አላት?

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ምንጣፉ ጫማ ይውጣል። እንግዳው ተቀምጧል፣ እሷ ቆማለች። ነገሩ ሲገባት ምላሷ አልከዳትም። «ጌታዬ፣ ክፍል ውስጥ የተማርነውን ነው ያልኩት። ምን እንዳለኝ እንኳ አልገባኝም። ሰዓቱን በዓይኔ አላየሁም። ጋሪዬ ይፈተሽ፣ ቁም ሳጥኔ ይፈተሽ፣ እኔም ልፈተሽ። እናቴ ትሙት አልወሰድኩም!» አለች ባንድ ትንፋሽ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ አዳመጠና ወደ እንግዳው ዞሮ «ሺ ኢዝ ቬሪ ሶሪ» አለው። ያቺው ብቻ። በጣም ይቅርታ ትላለች።

አንዷም ቃል አላመለጠቻትም፤ መምህሩ እነዚህንስ አሳምሮ ነው ያስተማራት።

«እንደሱ አላልኩም!»

«ዝም በይ፣ ላንቺው ብዬ ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ጥርሱ ሳይከደን። እንግዳው ከወጣ በኋላ ጥርሱን ከደነ። «ስሚ። ሰውየው ቅዳሜ በማለዳ አገሩ ይገባል። ዓርብ እዚህ ትመጪና በሥርዓት ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። እኔ ስጦታ ቢጤ እሰጠዋለሁ፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ፖሊስ የለ፣ ጫጫታ የለ።»

«ይቅርታ ካልጠየቅኩትስ?»

«ያን ጊዜ በሌብነት ትሰናበቻለሽ። ከዚያ በኋላ የትኛው ሆቴል ደጁን እንደሚከፍትልሽ እናያለን።»

በማግስቱ ነገሩ ባሰ። ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት ወደየፎቃቸው ሳይበተኑ በፊት ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰልፈው የቀኑን ትእዛዝ ይሰማሉ። ሥራ አስኪያጁ ብዙም ወደማይመጣበት ሰልፍ ያን ቀን ራሱ መጣና «ከመካከላችሁ እጁ አላርፍ ያለው ሰው አለ» አለ። ስም አልጠራም። ዓይኑን ብቻ ሚጢጢ ላይ ተክሎ ቆየ። የሰው አንገት ሁሉ ዓይኑን ተከትሎ ዞረ። ሰልፉ ሲበተን፣ ምሳ አብራት የምትበላው፣ ቁም ሳጥኗን ቆልፋ የማታውቅ ባልደረባዋ ከየት እንዳመጣችው እንጃ ቁልፍ አውጥታ ቀጭ ስታደርግ ሚጢጢ አየቻት።

ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ርእሰ መምህሩን ሳይቀር ጫማህን ጥረግ ብላ የምትመልስ ሴት ናት። የጀመረችውን የሸሚዝ ቁልፍ ሳትተክል መርፌዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ግን አልወሰድሽውም፣ አይደል?» አለች።

«አይደል» የምትለዋ ቃል ከሥራ አስኪያጁም፣ ከባልደረባዋ ቁልፍም የበለጠ ሚጢጢን ወጋቻት።

«እኔማ አምንሻለሁ» አለች እናቷ ቶሎ ብላ፣ ፊቷን አይታ። «ቢሆንም ሰው ይጠይቀኛል። ያላጠፋ ሰው ምነው ጥፋቱ የኔ ነው ይላል? ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም እማዬ። ዓርብ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ገደል ይግባ።»

ይህን ስትል ምን እንደምትል ገና አላወቀችም ነበር። የምታውቀው የማትለውን ብቻ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና ሰውየውን በእንግሊዝኛ ልትከራከረው ብትሞክር አፏ ውስጥ የተገኘው ይቅርታና ነጎድጓድ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ መምህሩን ደረጃው ሥር ጠብቃ ያዘችው።

«ያን የዘለሉትን ምዕራፍ ያስተምሩኝ።»

መምህሩ ወዲያ ወዲህ አየ። «ኮንትራቴ በዚህ ወር ነው የሚታደሰው። አንቺን ሳስተምር ካዩኝ…»

«እርስዎ የሰጡኝ አፍ ነው ሌባ ያስባለኝ። አሁን ደግሞ አልወሰድኩም የሚል አፍ ይስጡኝ። ሌላ ነገር አለመንኩዎትም።»

መምህሩ ከረባቱን ላላ አደረገ። እንዲህ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። «ምሳ ሰዓት ላይ» አለ። «የአንሶላ መጋዘኑ ጋ። በሩን ዝጊው።»

መጋዘኑ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበረች። የልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ተራራ። ስሟ ሥራዋን ሳይሆን መጠኗን ነው የሚናገረው፤ ከሚጢጢ ጋር ጎን ለጎን ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው የሚስቁባቸው ብዙ ናቸው። ከሠራተኛው ሁሉ «ወሰድሽ?» ብላ ያልጠየቀቻት እሷ ብቻ ናት። የታጠፈ ፎጣ ክምር ላይ ተቀመጠችና «እኔ ዳኛ ነኝ» አለች። «ወንበሩም ለኔ ነው የሚበቃው።»

መምህሩ መጽሐፉን ከሸሚዙ ሥር አወጣ። አኪውዝ፣ መክሰስ። ሰስፔክት፣ ተጠርጣሪ። ዊትነስ፣ ምስክር። ኤቪደንስ፣ ማስረጃ። ሚጢጢ ቃሎቹን እየደጋገመች አላመጠቻቸው። «ኤቪደንስ» የምትለዋን ወደደቻት፤ ከሁሉም ዐጥንት አላት አለች። ዲናይ ላይ ሲደርሱ ግን ፊቷ ተቋጠረ። መካድ ማለት ነው አላት መምህሩ።

«ካደች ሲባልማ የበላች ነው የሚመስለው» አለች ተራራ።

«በሕግ ፊት ነውር የለበትም» አለ መምህሩ። «ያላደረጉትን አላደረግኩም ማለት ነው። የማንም ሰው መብት ነው።» ድምፁ ክፍል ውስጥ ከሚያወጣው ሌላ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቃላት አንድ ላይ አመጣ። ድሮፕድ፣ ክሱ ተተወ። አክዊትድ፣ ነጻ ነህ ተባለ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?» አለች ተራራ። «ሁለቱም ወደ ቤታቸው ይገባሉ።»

«ይገባሉ። አንዱ ግን ሰው እያማው ነው የሚገባው።»

ሚጢጢ ይህን ስትሰማ ሳታውቀው ራሷን ነቀነቀች።

ቃላቱን መያዙ አልከበዳትም። የከበደው አሮጌውን ማባረር ነው። ተራራ ከፎጣው ላይ ተነሥታ እንደ እንግዳው ሆና «ዩ ቱክ ማይ ዋች!» ብላ ስታገሳባት፣ የሚጢጢ አንገት በገዛ ሥልጣኑ ሰበር ይላል፣ ከንፈሯ «ሶ…» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ተራራ በእርጥብ ፎጣ ጀርባዋን ታቀምሳታለች። እንደገና። «ሶ…» ጥፍ! እንደገና። መምህሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ በመጨረሻም ፎጣ የሚያቀብለው እሱ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ሚጢጢ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሳትሰበር፣ ሳትፈግግ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ተራራ ግንባሯን ሳመቻት።

ዓርብ ጠዋት እንግዳው ቢሮ ውስጥ እግሩን አነባብሮ ጠበቃት። ሥራ አስኪያጁ በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በይ» አላት። «የምታውቂውን ዓረፍተ ነገር።»

ሚጢጢ እጇን ከመደረቢያዋ ኪስ አወጣች። ሥራ አስኪያጁን አላየችውም፤ እንግዳውን ነው ያየችው።

«አይ ዲድ ናት ቴክ ዩር ዋች» አለች። «አይ ዲናይ ኢት። ዌር ኢዝ ዘ ኤቪደንስ? ፕሊዝ ኮል ዘ ፖሊስ።»

ሰዓትህን አልወሰድኩም። ክሱን አልቀበልም። ማስረጃው የት አለ? እባክህ ፖሊስ ጥራ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት እንደ አንሶላው ነጣ። በቸኮለ እንግሊዝኛ ሊያስተካክልላት ሲጀምር እንግዳው እጁን አነሣና አስቆመው። «ፖሊስ?» አላት፣ የሰማውን ለማረጋገጥ።

«የስ። ፖሊስ» አለች። «ናው።»

ሌባ የሚባል ሰው ፖሊስ ሲጠራ እንግዳው አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ጉንጩን አከከ። መስኮቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እሷም እንድትሰማው ይመስላል ቃላቱን እየለያየ ተናገረ። ሁሉንም አልተከተለችውም፤ ግን «ናት ሹር» የምትለዋ ገባቻት፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ «ኤርፖርት» የምትለዋ። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ምናልባት አውሮፕላን ማረፊያ ጥዬው ይሆናል ማለቱ ነው። እንግዳው ተነሣ፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገላትና ወጣ። ይቅርታ አላላትም። ስጦታውን ግን አልረሳውም።

በሩ እንደተዘጋ ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «ፖሊስ ትጠሪያለሽ? በደጄ ላይ የፖሊስ መኪና ልታቆሚብኝ? በይ፣ ዕድለኛ ነሽ። ነገሩ ተትቷል። ወደ ፎቅሽ ውጪ።»

«ተትቷል?»

«አዎ፣ ተትቷል! ምን ቀረሽ?»

«ተትቷል ሌላ፣ አልወሰደችም ሌላ ነው። በሰልፉ ፊት ያሉትን በሰልፉ ፊት ይመልሱልኝ።»

«ስምሽን ጠራሁ?»

«ዓይንዎ ጠርቶኛል።»

«ምን አልሽ አንቺ? እግዚአብሔር ይመስገን ብለሽ እንጀራሽን ብትበዪ ይሻልሻል!» ጠረጴዛውን በጡጫው መታ። «ነገ ሰልፍ ላይ ሳይፈቀድለት አፉን የሚከፍት ሰው ካለ ያን ቀን ሥራው አበቃ። ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ወጥታ አልጋ አነጠፈች። የፎቅ ኃላፊዋ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት ሴት፣ ኮሪደሩ ላይ አግኝታት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ልጄ፣ ሥራሽ ተርፎልሻል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ባሉሽ ሥር ማደር ነው።» ክፋት አልነበራትም። ሚጢጢ ግን ጋሪዋን ገፍታ አለፈች።

ነገሩን የጨረሰው ሌላ ነው። ልብስ ልትቀይር ስትወርድ ያቺ ቁልፍ ያመጣችው ባልደረባዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «እሰይ፣ ሥራ አስኪያጁ አዘኑልሽ አሉ። ተዋት፣ ድሃ ናት አሉ። ደግ ሰው ናቸው።» ቁም ሳጥኗን ግን አሁንም ቆለፈችው።

ሚጢጢ ቀዘቀዘች። ሌባ ብለው ቢያባርሯት ይሻል ነበር፤ አሁን ግን ሌባም፣ ምሕረት የተደረገላትም ሆና ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ኮሪደር ልትሄድ ነው። ደግ ሰው ናቸው እየተባለ! ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ በሰልፉ ፊት ቆሞ ስለ ሳሙና አጠቃቀም ተናገረ፣ ስለ መብራት ማጥፋት ተናገረ፣ ከዚያ «ጨርሻለሁ፣ ወደየሥራችሁ» አለ።

«እኔ አልጨረስኩም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰዎች የሚናገረውን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ተራራ ጎንበስ ብላ ከሰልፉ ፊት እንድትታይ ቦታ ለቀቀችላት። ሚጢጢ አንድ እርምጃ ወጣች።

«የአራተኛ ፎቁን እንግዳ ሰዓት አልወሰድኩም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት ሁላችንም እዚያ መመገቢያ ክፍል ውስጥ በጭብጨባ የተማርነውን ነው። ነገ ከእናንተም አንዱ ይለዋል። እንግዳው ትናንት እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል፣ እሳቸውም ቆመው ሰምተዋል። ማንም ምሮ አልተወኝም፤ ማንም አላዘነልኝም። ፖሊስ ይጠራ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የልብስ ማድረቂያው ማሽን ብቻ በሩቁ ይሽከረከራል። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ደም ለበሰ።

«ተሰናብተሻል! አሁኑኑ!»

«በምን ምክንያት?»

«ያለ ፈቃድ በመናገር! ትእዛዝ በመጣስ!»

«በስርቆት አይደለም?»

«በስርቆት ማን አለሽ? በምላስሽ ነው!»

«የኋላዎቹ አልሰሙም» አለች ሚጢጢ፣ በትሕትና።

«በስርቆት አይደለም አልኩ! በስርቆት አይደለም!» ጩኸቱ እስከ እንግዳ መቀበያው ወጣ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። መምህሩ መመገቢያ ክፍሉ በር ላይ መጽሐፉን ታቅፎ ቆሞ ነበር። እትዬ መሬት መሬት አየች። ቁልፏን በእጇ የጨበጠችው ባልደረባዋ ቁልፉን ወደ ኪሷ ከተተች።

«ተናግሬያለሁ» አለች ሚጢጢ። «ይሄኛውን ጥፋት አምናለሁ።»

መደረቢያዋን ፈታ አጠፈችና ለእትዬ ሰጠቻት። ተራራ ቦርሳዋን ተሸክማ እስከ ውጭ በር ሸኘቻት፤ ሥራ አስኪያጁ «አንቺስ ወዴት ነው?» ሲላት አልሰማችም።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ደጃፉን አልለቀቀችም። እናቷ በር ላይ ተቀምጣ ሰፈርተኛውን እያየች ነበር።

«በዚህ ሰዓት? ምነው ልጄ?»

«አባረሩኝ።»

እናቷ ተነሥታ ቆመች። ጎረቤት ይሰማ አይሰማ ግድ ሳይሰጣት «በሌብነት?» አለች።

«በምላስ።»

እናቷ አየቻት፣ ከእግር እስከ ራሷ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ በሩ ላይ እስክትደገፍ ሳቀች። «እሱስ ልክ ነው» አለች። «እሱን ከኔ ነው የወረስሽው። ማንም ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ እነግረዋለሁ።» ልጇን በትከሻዋ ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። «ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂና አረፍ በይ። ሰኞ ሥራ ፍለጋ ስትወጪ እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።»